ከአንድ ቁጥር ወደ ጥምርታ
የደም ኮሌስትሮል ምርመራ ታሪክና ለመምህራን ያለው ትምህርት

መግቢያ

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 60 መምህራን አሉት ቢባል፣ ቁጥሩ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? መምህር የሆነ ሰው ሁሉ መልስ ከመስጠቱ በፊት «ተማሪዎቹስ ስንት ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል። ተማሪዎቹ 1,200 ከሆኑ ለአንድ መምህር 20 ተማሪዎች ይደርሱታል፤ 4,800 ከሆኑ ግን 80 ይደርሱታል። የመምህራኑ ቁጥር ያው ነው፤ የተለወጠው ጥምርታው ነው።

ይህን ምሳሌ ያነሣነው ስለ ትምህርት ቤት አስተዳደር ለመጻፍ አስበን አይደለም። ባለፈው ዓመት በምናስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም፣ በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡ አንድ ባልደረባችን የደም ምርመራ ውጤታቸውን ይዘው ወደ መምህራን ማረፊያ ክፍል ገቡ። «ጋሼ፣ እንዴት ሆነ?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «ኮሌስትሮሌ 188 ነው፤ ከ200 በታች ከሆነ ደኅና ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ተመስገን ነው» አሉንና ወረቀቱን አጣጥፈው ከደረት ኪሳቸው ከተቱት። እኛም ደስ ብሎን ሻያችንን ጠጥተን ወደየክፍላችን ሄድን። በዚያ ወረቀት ላይ ግን ከ188 በታች ሌሎች ሦስት መሥመሮች ነበሩ። በመካከላችን የሒሳብም፣ የኬሚስትሪም፣ የባዮሎጂም መምህራን ነበርን፤ ነገር ግን ከእኛ አንዱም እነዚያን መሥመሮች አንብቦ ምን እንደሚሉ ሊነግራቸው አልቻለም።

ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያ ዕለቱ እፍረት ነው። ሐኪሞችና ተመራማሪዎች በአንድ ቁጥር ከመመካት ተነሥተው ወደ ጥምርታ እንዴት እንደደረሱ፣ ጥምርታውም በበኩሉ የት ላይ እንዳሳሳታቸው በታሪክ መልክ እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የኮሌስትሮል መጠንም በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ በሚገኝ ሚሊ ግራም ተለክቶ የተሰጠ ነው።

የሐሞት ጠጠርና የጥንቸል ምስክርነት

ኮሌስትሮል መጀመሪያ የታወቀው ከደም ሳይሆን ከሐሞት ጠጠር ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት ፑልቲዬ ዴ ላ ሳል የተባለ ፈረንሳዊ ከሐሞት ጠጠር ውስጥ ሰም የሚመስል ነጭ ነገር ለይቶ አወጣ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ደግሞ ታዋቂው የኬሚስትሪ ሊቅ ሚሼል ኤዠን ሼቭረል ይህ ነገር እንደ ሌሎች ቅባቶች ከአልካሊ ጋር ቢፈላ ሳሙና እንደማይሆን አሳየና ስም አወጣለት። ስሙም ሐሞት የሚል ትርጉም ካለው «ኮሌ» እና ጠጣር የሚል ትርጉም ካለው «ስቴሬኦስ» ከተባሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው። በ1833 ፌሊክስ ቡዴ በሰው ደም ውስጥ፣ በ1843 ደግሞ ጀርመናዊው ዩልዩስ ፎግል በታመሙ ደም ቅዳዎች ግድግዳ ላይ ይህንኑ ነገር አገኙ።

ይሁን እንጂ በታመመ ቦታ የተገኘ ነገር ሁሉ የበሽታው ምክንያት ነው ማለት አይደለም። ቤት በተቃጠለበት ስፍራ ውኃ የያዙ ሰዎች መታየታቸው ቃጠሎውን እነሱ አስነሡት እንደማያሰኝ ሁሉ፣ በተጎዳ ደም ቅዳ ላይ ኮሌስትሮል መገኘቱም ብቻውን ማስረጃ አልሆነም። አንባቢ ይህን ነጥብ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

በ1910 ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ አዶልፍ ቪንዳውስ የጤነኛና የታመመ ሰው ታላቁን ደም ቅዳ አነጻጽሮ፣ በታመመው ውስጥ ከሌላ አሲድ ጋር የተዋሐደው ኮሌስትሮል ከ20 ጊዜ በላይ በልጦ እንደሚገኝ አስታወቀ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1913 በሩሲያ፣ በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ፣ ኒኮላይ አኒችኮቭ የተባለ ወጣት ሐኪም ከሴምዮን ካላቶቭ ጋር ሆኖ ንጹሕ ኮሌስትሮልን በሱፍ ዘይት አሟሙቶ ጥንቸሎችን መገበ። የጥንቸሎቹ ደም ቅዳዎች በሰው ላይ የሚታየውን ዓይነት የቅባት ክምር አበቀሉ። ዘይቱን ብቻ የተመገቡት ጥንቸሎች ግን ምንም አልሆኑም።

ይህ ሙከራ ለክፍል ትምህርት የሚጠቅም የንጽጽር ሙከራ ምሳሌ ነው። ነገር ግን ተቃዋሚዎች ወዲያው ተነሡ። ጥንቸል ሣር በል እንስሳ ናት፤ በተፈጥሮ ምግቧ ውስጥ ኮሌስትሮል የለም ለማለት ይቻላል። አይጥና ውሻ ተመሳሳይ ምግብ ቢሰጣቸው ደም ቅዳቸው እንዲያ አልሆነም። በዚህ ምክንያት የአኒችኮቭ ሥራ ለብዙ ዓመታት ተገቢውን ትኩረት ሳያገኝ ቆየ።

ቅባት በደም ውስጥ እንዴት ይጓዛል?

ታሪኩን ከመቀጠላችን በፊት አንድ መሠረታዊ ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። ኮሌስትሮል መርዝ አይደለም። የሴሎቻችን ሽፋን፣ ብዙ ሆርሞኖች፣ ሐሞት፣ ቫይታሚን ዲም ጭምር ከእሱ ይሠራሉ። አብዛኛውንም የሚያመርተው ሰውነታችን ራሱ ነው። ችግሩ ጉዞው ላይ ነው። ቅቤ በወጥ ላይ እንደሚንሳፈፍ ሁሉ ቅባት ከውኃ ጋር አይዋሐድም፤ ደም ደግሞ አብዛኛው ክፍሉ ውኃ ነው። ስለዚህ ቅባት በደም ውስጥ የሚጓዘው በፕሮቲን ተጠቅልሎ ነው። ይህ ጥቅል ሊፖፕሮቲን ይባላል።

ጥቅሎቹ የተለያዩ ናቸው። ብዙ ቅባትና ጥቂት ፕሮቲን ያለው ጥቅል እፍጋቱ ዝቅተኛ ነው፤ ኤልዲኤል ይባላል፤ ኮሌስትሮልን ወደ ልዩ ልዩ የሰውነት ክፍሎች ያደርሳል። ፕሮቲኑ የበዛው ጥቅል እፍጋቱ ከፍተኛ ነው፤ ኤችዲኤል ይባላል፤ ትርፍ ኮሌስትሮልን ወደ ጉበት ከሚመልሱት መንገዶች አንዱ ነው። እንግዲህ «የደም ኮሌስትሮል 188 ነው» ሲባል፣ በአንድ መንገድ ላይ የሚሄዱትንም የሚመለሱትንም መኪናዎች ደምሮ አንድ ቁጥር እንደ መስጠት ነው።

ጥቅሎቹን በእፍጋታቸው ለይቶ በሽተኞችን በሰፊው ያጠናባቸው ጆን ጎፍማን ነው። ጎፍማን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ የአቶሚክ ምርምር ውስጥ በፕሉቶኒየም ላይ የሠራ ሰው ሲሆን፣ ከጦርነቱ በኋላ በካሊፎርኒያ በበርክሌይ ከተማ፣ የደምን ክፍሎች በከፍተኛ ፍጥነት እያሽከረከረ የሚለይ መሣሪያ ይዞ ተነሣ። በ1950 ባወጣው ጽሑፍ፣ ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎች በጥቅሎቻቸው ዓይነት እጅግ ሊለያዩ እንደሚችሉ አመለከተ። በሚቀጥለው ዓመት በኒው ዮርክ ዴቪድ ባርና ባልደረቦቹ የልብ ደም ቅዳ በሽታ ካለባቸው ሰዎች ይልቅ ጤነኞቹ ከፍተኛ እፍጋት ያለው ጥቅል በብዛት እንዳላቸው አስታወቁ። የጥምርታው ሐሳብ የተጸነሰው በእነዚህ ሁለት ዓመታት ነው ለማለት እንደፍራለን።

ሐሳቡ ግን ተጸንሶ ለሃያ ዓመታት ያህል ሳይወለድ ቆየ። የጎፍማን መሣሪያ ውድ ነበር። በ1956 ደግሞ በአራት ላቦራቶሪዎች የተካሄደው የጋራ ጥናት ከብዙ ክርክር በኋላ ሲጠቃለል፣ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ጥቅሎቹን መለየት ጠቅላላውን ኮሌስትሮል ከመለካት የተሻለ ትንበያ አይሰጥም ብለው ወሰኑ። ጎፍማን በውሳኔው አልተስማማም። ዳሩ ግን ቀላሉና ርካሹ አሠራር አሸነፈ፤ ሐኪሞችም በአንድ ቁጥር ጸኑ።

ፍራሚንግሃምና ካምፓላ

በ12 ኤፕሪል 1945 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ63 ዓመታቸው በአንጎል ደም መፍሰስ ሞቱ። የደም ግፊታቸው ለዓመታት እጅግ ከፍተኛ ነበር፤ በዘመኑ ግን ለዚህ የሚሆን በቂ መድኃኒት አልነበረም። በ1948 ተተኪያቸው ትሩማን የልብ በሽታ ምርምር በመንግሥት ገንዘብ እንዲካሄድ የሚያዝዘውን ሕግ ፈረሙ። በዚያው ዓመት በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት በፍራሚንግሃም ከተማ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 62 የሆኑ 5,209 ወንዶችና ሴቶች ተመዝግበው፣ በየሁለት ዓመቱ እየተመረመሩ ማን እንደሚታመምና ማን እንደማይታመም ይጠበቅ ጀመር። በ1961 ዊልያም ካኔልና ባልደረቦቹ ከፍተኛ የደም ግፊትና ከፍተኛ ኮሌስትሮል የልብ በሽታን እንደሚያስቀድሙ አስታወቁ። የአደጋ ምልክት የሚለው አነጋገር በሕክምና ውስጥ የተስፋፋው ከዚህ ጥናት በኋላ ነው።

በዚሁ ዘመን በእኛው ምሥራቅ አፍሪካም አንድ ትልቅ ጥያቄ ይነሣ ነበር። በ1959 በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ ይሠሩ የነበሩት ጄራልድ ሼፐርና ጆንስ ባሳተሙት ጥናት፣ በአፍሪካውያኑ ዘንድ የልብ ደም ቅዳ በሽታ የለም በሚባል ደረጃ ላይ ሲሆን፣ በዚያው ከተማ በሚኖሩት የእስያ ተወላጆች ዘንድ ግን ከባድ ችግር መሆኑን ገለጹ። የሁለቱ ወገኖች የደም ኮሌስትሮልም እንደዚሁ የተራራቀ ነበር። አንድ ከተማ፣ አንድ አየር፣ ሁለት ዓይነት ገበታ፣ ሁለት ዓይነት በሽታ ነበር ማለት ነው።

ይህ ሲታይ ነገሩ ሁሉ በገበታ ያበቃ ይመስል ነበር። ነገር ግን ያው ሼፐር በ1962 በሰሜን ኬንያ የሚኖሩትን የሳምቡሩ አርብቶ አደሮች ሲያጠና፣ ዋና ምግባቸው ወተት ሆኖ ሳለ የደም ኮሌስትሮላቸው ዝቅተኛ መሆኑን አገኘ። በ1964 አሜሪካዊው ጆርጅ ማን በማሳዮች ላይ ያገኘው ውጤትም ተመሳሳይ ነበር። በ1972 ማን የ50 ማሳዮችን አስከሬን ልብና ደም ቅዳ መርምሮ ባወጣው ጽሑፍ፣ በደም ቅዳቸው ግድግዳ ላይ የቅባት ክምር እንዳለ፣ ቧንቧዎቹ ግን ሰፋፊ በመሆናቸው ደም እንዳላገዱ ገለጸ፤ ለዚህም ቀኑን ሙሉ መራመዳቸው ምክንያት ሳይሆን አልቀረም ብሎ ገመተ። እንግዲህ አንድ ቁጥር ብቻውን የአንድን ሰው ዕጣ ሊናገር እንደማይችል የእኛው አካባቢ ሕዝቦችም ምስክር ሆነው ነበር።

ጥምርታው ሲወለድ

በ1970ዎቹ ዓመታት ነገሩ ተለወጠ። ኤልዲኤልንና መሰሎቹን በኬሚካል አዝቅጦ ኤችዲኤልን በፈሳሹ ውስጥ ብቻውን የሚያስቀር ቀላል አሠራር ተስፋፋ፤ ውድ መሣሪያ አላስፈለገም። በ1972 ደግሞ ፍሪደዋልድ፣ ሌቪና ፍሬድሪክሰን በጾም ከተወሰደ ደም ላይ ኤልዲኤልን በስሌት የሚያስገኝ ቀመር አወጡ። ቀመሩም የሚከተለው ነው።

ኤልዲኤል = ጠቅላላ ኮሌስትሮል − ኤችዲኤል − (ትራይግሊሰራይድ ÷ 5)

ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ሰውነት ለኃይል የሚያከማቸው ዋነኛ ቅባት ነው። መጠኑ ከ400 በላይ ሲሆን ቀመሩ አይሠራም።

በ1975 ሁለት ተመራማሪዎች፣ ሁለቱም ሚለር የሚባሉ፣ ዋናው ነገር የኤችዲኤል ማነስ ሊሆን ይችላል የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝ አገር አወጡ። በ1977 ታቪያ ጎርደንና ባልደረቦቹ በፍራሚንግሃም ዕድሜያቸው ከ49 እስከ 82 የሆኑ 2,815 ሰዎችን ተከታትለው፣ ኤችዲኤል እየጨመረ ሲሄድ የልብ ደም ቅዳ በሽታ እየቀነሰ እንደሚሄድ አረጋገጡ። የባር የ1951 አስተያየት ከ26 ዓመት በኋላ ትንሣኤ አገኘ።

በ1983 ዊልያም ካስቴሊና ባልደረቦቹ ጠቅላላ ኮሌስትሮልን ለኤችዲኤል በማካፈል የሚገኘው ጥምርታ አደጋን ለመተንበይ ጠቃሚ መሆኑን አሳዩ። በፍራሚንግሃም መካከለኛ አደጋ ላይ ያሉ ወንዶች ጥምርታ 5 አካባቢ፣ የሴቶቹ ደግሞ 4.4 አካባቢ ነበር። በ1988 የወጣው የአሜሪካ መመሪያ ከ200 በታች የሆነ ጠቅላላ ኮሌስትሮል ተፈላጊ መሆኑን ገልጾ ነበር። ጋሼ የሰሙትም 200 ከዚሁ ዓይነት መመሪያ የመጣ ነው። ሆኖም ካስቴሊ እንዳመለከተው፣ በፍራሚንግሃም የልብ ደም ቅዳ በሽታ ከያዛቸው ሰዎች ሲሦ ያህሉ ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው ከ200 በታች ነበር። ከሦስት በሽተኞች አንዱ «ደኅና ነህ» ተብሎ ሊሰናበት ይችል ነበር ማለት ነው።

ለምሳሌ ያህል ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው 200 የሆኑ ሁለት ሰዎችን እንውሰድ። የመጀመሪያው ኤችዲኤል 60 ነው፤ ጥምርታው 3.3 ይሆናል። የሁለተኛው ኤችዲኤል 32 ነው፤ ጥምርታው 6.25 ይሆናል። ቁጥራቸው አንድ ነው፤ አደጋቸው ግን አንድ አይደለም። በ2004 ከ52 አገሮች ወደ 30,000 የሚጠጉ ሰዎችን አሰባስቦ በወጣው ጥናትም፣ የሁለቱ ጥቅሎች ዋነኛ ፕሮቲኖች ጥምርታ ከሲጋራ ማጨስ ጋር ድንገተኛ የልብ ሕመምን ከሚያመለክቱት ሁሉ ጠንካሮቹ ሆነው ተገኝተዋል።

ትራይግሊሰራይድና የስኳር በሽታ መንገድ

በ1988 በካሊፎርኒያ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ጄራልድ ሪቨን፣ የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊትና የልብ በሽታ ከአንድ ሥር ሊበቅሉ ይችላሉ የሚል ትምህርት በይፋ አቀረበ። ያም ሥር ሰውነት ለኢንሱሊን ትእዛዝ እንቢተኛ መሆኑ ነው። እንቢተኝነቱ ሲጀምር ጉበት በትራይግሊሰራይድ የተሞሉ ጥቅሎችን በብዛት ወደ ደም ይለቃል። እነዚህ ጥቅሎች ትራይግሊሰራይዳቸውን ለኤችዲኤል እየሰጡ ኮሌስትሮሉን ይወስዱበታል፤ ኤችዲኤልም እየኮሰሰ ከደም ውስጥ ቶሎ ይወገዳል። ስለዚህ ትራይግሊሰራይድ ለኤችዲኤል ሲካፈል ላዕሉ ይጨምራል፣ ታሕቱ ይቀንሳል፤ ጥምርታውም በሁለት በኩል ያድጋል።

በ2003 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ክብደታቸው ከፍ ያለ ሰዎችን አጥንተው፣ ይህ ጥምርታ 3 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን የኢንሱሊን እንቢተኝነትን ሊጠቁም እንደሚችል ጻፉ። የስኳር ምርመራ ገና ደኅና እያለ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ ምልክት ተገኘ ተብሎ ብዙ ተወደሰ።

እዚህ ላይ ለእኛ ለአፍሪካውያን አንድ ትልቅ ማሳሰቢያ አለ። በ2005 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ምርምር ተቋማት የምትሠራው አን ሳምነር ከባልደረቦቿ ጋር ጥቁር አሜሪካውያንን ስታጠና፣ በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ኢንሱሊን እምቢ እያለም ትራይግሊሰራይዱ ብዙ ጊዜ እንደማይጨምርና ጥምርታው ምልክት ሊሆን እንደማይችል አገኘች። በ2011 ደግሞ ቡድኗ ከአፍሪካ ወደ አሜሪካ ሄደው በሚኖሩ ወንዶች ላይ የተለመደው የመመዘኛ ዝርዝር አደጋውን እንደማያሳይ አስታወቀ። ምክንያቱም ያው የትራይግሊሰራይድ አለመጨመር ነው። በመሆኑም ጥምርታው ከፍ ያለበት ሰው ማስጠንቀቂያውን ይቀበል፤ ጥምርታው ዝቅ ያለለት ሰው ግን ከስኳር በሽታ ነጻ ነኝ ብሎ አይመካ። በአንድ አገር ሰዎች ላይ የተሠራ መለኪያ ለሌላው አገር ሳይፈተን አይወሰድም።

ስለ መለኪያ ካነሣን ዘንድ አንድ ሌላ ነጥብ እንጨምር። አንዳንድ ላቦራቶሪዎች ውጤቱን በሚሊ ሞል በሊትር ይሰጣሉ። ወደዚህ መለኪያ ለመለወጥ ኮሌስትሮል በ38.67፣ ትራይግሊሰራይድ በ88.57 ይካፈላል። ጠቅላላ ኮሌስትሮል ለኤችዲኤል ሲካፈል ላዕሉም ታሕቱም ኮሌስትሮል በመሆኑ ጥምርታው አይለወጥም። ትራይግሊሰራይድ ለኤችዲኤል ሲካፈል ግን ሁለቱ ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸውና ጥምርታው ይለወጣል፤ 3 የነበረው ወደ 1.3 ይወርዳል። አሃዱን ሳያይ የሚያሰላ ተማሪ በፈተና ማርክ ያጣል፤ በዚህ ላይ ግን የሚታጣው ከማርክ ይበልጣል።

ምልክትና ምክንያት

አሁን በመጀመሪያ ወዳስያዝነው ነጥብ እንመለስ። ምልክት ሁሉ ምክንያት ነውን?

ኤልዲኤልን በተመለከተ ማስረጃው ከሦስት አቅጣጫ ተሟልቷል። አንደኛ፣ በቴክሳስ የሚሠሩት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን፣ ኤልዲኤልን ከደም የሚቀበለው የሴል በር በውርስ የተበላሸባቸው ሰዎች ኮሌስትሮላቸው እጅግ ከፍ እንደሚልና በለጋ ዕድሜያቸው በልብ በሽታ እንደሚጠቁ ምክንያቱን አብራሩ፤ ለዚህም በ1985 የኖቤል ሽልማት አገኙ። ሁለተኛ፣ ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ ሰውነት ኮሌስትሮል እንዳያመርት የሚያግድ ነገር ከሻጋታ አውጥቶ በ1976 አስታወቀ፤ ስታቲን የሚባሉት መድኃኒቶች መነሻም ይኸው ሆነ። ሦስተኛ፣ በ1994 በስካንዲኔቪያ አገሮች 4,444 በሽተኞች በተካፈሉበት ጥናት፣ ስታቲን የወሰዱት ወገኖች ሞት በ30 ከመቶ ቀነሰ። ኤልዲኤል ሲቀንስ ሞትም ቀነሰ። እንግዲህ ኤልዲኤል ምክንያት ነው።

ኤችዲኤልስ? ተመራማሪዎች «ኤችዲኤልን ከፍ ብናደርግ ጥምርታው ይሻሻላል፤ ጥምርታው ከተሻሻለ በሽታው ይቀንሳል» ብለው አሰቡ። በጥቅሎች መካከል የሚደረገውን የቅባት ልውውጥ የሚያግድ ቶርሴትራፒብ የተባለ መድኃኒት ተሠራና በ15,067 ሰዎች ላይ ተፈተነ። ኤችዲኤል በ72 ከመቶ ጨመረ፣ ኤልዲኤል በ25 ከመቶ ቀነሰ። እንዲህ ያለ ያማረ ጥምርታ ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም። ነገር ግን በዲሴምበር 2006 ጥናቱ በድንገት ቆመ፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት 93፣ ካልወሰዱት ደግሞ 59 ሰዎች ሞተው ነበር። መድኃኒቱ ጥምርታውን ሲያሳምር የደም ግፊትን ከፍ ያደርግ ኖሯል። በ2012 ደግሞ በውርስ ብቻ ኤችዲኤላቸው ከፍ ያለ ሰዎች ከድንገተኛ የልብ ሕመም ያን ያህል እንዳልተጠበቁ የሚያሳይ ትልቅ የዘር ጥናት ወጣ።

ከዚህ የምንረዳው የኤችዲኤል ማነስ ብዙ ጊዜ ምልክት እንጂ ምክንያት አለመሆኑን ነው። የማያጨስ፣ የሚራመድ፣ ክብደቱ ያልበዛ ሰው ኤችዲኤሉ ከፍ ይላል፤ የሚጠብቀው ግን አኗኗሩ እንጂ ቁጥሩ ብቻውን አይደለም። የቴርሞሜትሩን ንባብ ዝቅ በማድረግ ወባ አይድንም። ስለዚህም ጥምርታው ምክንያትንና ምልክትን በአንድ ክፍልፋይ ያስቀመጠ መለኪያ ነው። ለማስጠንቀቅ ይጠቅማል፤ ለማጽናናት ግን ብቻውን አይበቃም። ጠቅላላ ኮሌስትሮሏ 280፣ ኤችዲኤሏ 80፣ ትራይግሊሰራይዷ 100 የሆነች ሴት ጥምርታዋ 3.5 ነው፤ ሲታይ ያምራል። በቀመሩ ስናሰላ ግን ኤልዲኤሏ 180 ነው፤ ይህም ከሐኪም ጋር የሚያነጋግር መጠን ነው። የዛሬ ሐኪሞችም ሕክምና ሲወስኑ ይበልጥ የሚያተኩሩት በኤልዲኤል ላይ፣ ወይም ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤል ተቀንሶ በሚቀረው መጠን ላይ የሆነው ለዚህ ነው።

ለክፍልና ለራሳችን

ይህ ታሪክ ለሦስት የትምህርት ዓይነቶች ይጠቅማል። የሒሳብ መምህር ጥምርታና አሃድን፣ የኬሚስትሪ መምህር እፍጋትንና የቅባትን ጠባይ፣ የባዮሎጂ መምህር የንጽጽር ሙከራን ሊያስተምርበት ይችላል። ተማሪዎች ከላይ የተጠቀሱትን ሰዎች ጥምርታና ኤልዲኤል አስልተው «ከነዚህ ማን ይበልጥ ያሳስበናል? ለምን?» በሚል ርእስ ቢወያዩ፣ የስሌቱን ትርጉም ከስሌቱ ጋር ይይዙታል ብለን እናምናለን። ላቦራቶሪ በሌለበት አካባቢ ደግሞ የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 ያሳደሰው የአደጋ መገመቻ ሠንጠረዥ፣ ዕድሜን፣ ፆታን፣ ማጨስን፣ የደም ግፊትንና ከቁመት ጋር የተነጻጸረ ክብደትን ብቻ ይዞ ግምት የሚሰጥ ክፍል እንዳለው ማወቅ ይጠቅማል።

ወደ ጋሼ እንመለስ። ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ የባዮሎጂ መምህር ባልደረባችን ነገሩን ከመጻሕፍት አንብቦ መጣና ወረቀቱን እንዲያሳዩን ለመንናቸው። ከ188 በታች የነበሩት መሥመሮች እንዲህ ይላሉ፤ ኤችዲኤል 31፣ ትራይግሊሰራይድ 210፣ ኤልዲኤል 115። በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ጻፍናቸው። 188 ለ31 ሲካፈል 6.1፤ 210 ለ31 ሲካፈል 6.8 ሆነ። ጋሼ ሰሌዳውን ለረጅም ጊዜ ተመልክተው «ይህን ያህል ዘመን ጥምርታ ሳስተምር የራሴን ሳላሰላ ኖርኩ ማለት ነው?» አሉ። የሒሳብ መምህር ናቸውና።

እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ ሰሌዳው የነገረን «ሐኪም ዘንድ ተመለሱ» የሚለውን ብቻ ነው። ተመለሱ። በጾም የተወሰደው ደማቸው የስኳር በሽታ መጀመሩን አሳየ፤ የደም ግፊታቸውም ከፍ ብሎ ተገኘ። መድኃኒት ተጀመረላቸው፤ ሲጋራቸውን ተዉ፤ በታክሲ ይመጡበት የነበረውን መንገድ አሁን ጠዋት ጠዋት በእግራቸው ይመጡበታል። በቅርቡ አዲስ ወረቀት ይዘው ሲመጡ አጣጥፈው ኪሳቸው አልከተቱትም፤ ጠመኔ አንሥተው ራሳቸው በሰሌዳ ላይ ጻፉት።

ስለዚህ መምህራን ባልደረቦቻችን ሆይ፣ የምርመራ ወረቀት ሲሰጠን የመጀመሪያውን መሥመር ብቻ አንብበን አንደሰት፣ አንደንግጥም። እስከ መጨረሻው መሥመር እናንብብ፣ እናስላ፣ ያልገባንንም ሐኪሙን እንጠይቅ። ተማሪዎቻችንን ዘወትር «አሠራሩን አሳዩ» እንላቸዋለን፤ በራሳችን ደም ላይም ይህንኑ ብንጠይቅ ነውር የለበትም።